በተቀያየሙ ሰፈሮች መካከል ስለሚደረግ የእርቅ ውይይት በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ የሰፈር ለሰፈር ውይይት ሐሳብ በተነሣ ቁጥር በእድር፣ በቀበሌ አዳራሽና በቡና ላይ የሚደጋገሙት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የማኅበረሰብ ውይይት ምንድን ነው? ከቀበሌ ስብሰባስ በምን ይለያል?

የማኅበረሰብ ውይይት የምንለው፣ የተቀያየሙ ወይም የተፈራሩ ጎረቤታሞች ሁለቱም በተስማሙበት ቦታና ሰዓት፣ ሁለቱም በሚያምኗቸው አወያዮች አማካይነት ተቀምጠው የደረሰባቸውን የሚነጋገሩበትንና ከዚያ ወዲያ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የሚመክሩበትን ተከታታይ ጉባኤ ነው። «ተከታታይ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋናው ነው፤ አንድ ቀን ተሰብስቦ የአቋም መግለጫ አንብቦ የሚበተን ጉባኤ ውይይት አይባልም።

በቀበሌ ስብሰባ አጀንዳው ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ መድረክ ላይ የተቀመጠው ይናገራል፣ ነዋሪው ያዳምጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ለሦስት ለአራት ሰው የጥያቄ ዕድል ይሰጣል። በውይይት ግን አጀንዳውን የሚያወጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አወያዩም ከሁሉም ያነሰ የሚናገር ሰው መሆን ይኖርበታል። ወንበሮቹ በረድፍ ወደ መድረክ ዞረው ከተደረደሩ፣ በራፉ ላይ ያለው ባነር ምንም ቢል፣ የተጠራው ስብሰባ ነው።

ሽምግልና እያለን ውይይት ለምን አስፈለገ?

ሽምግልና በዳይና ተበዳይ ተለይተው በሚታወቁበት ጉዳይ ላይ የጸና ሥርዓት ነው። አንድ ሰው ነፍስ አጥፍቶ ሲሸሽ የሟች ወገን ደመኛ ይሆናል፤ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች መካከል ይገባሉ፤ የገዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይንበረከካል፤ ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ ደሙ ይደርቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን «አጥፍቻለሁ» የሚል አንድ ወገንና «ይቅር ብያለሁ» የሚል ሌላ ወገን ሲኖር ነው።

ሰፈር ከሰፈር ሲጣላ ነገሩ እንዲህ ጥርት ብሎ አይገኝም። ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ማን እንዳቃጠለበት ላያውቅ ይችላል፤ በወዲያኛው ሰፈር ካለው ነዋሪ ደግሞ የሚበዛው በዚያ ቀን በሩን ዘግቶ የዋለ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አምስት ሽማግሌዎች በሺህ ሰው ስም ይቅርታ ቢጠይቁና አምስት ሌሎች ቢቀበሏቸው፣ ይቅርታው ከአዳራሹ ደጃፍ አያልፍም። ውይይት የሚያስፈልገው ሽምግልናን ለመተካት አይደለም፤ ሽማግሌ ሊይዘው የሚችለው ጉዳይ ከጅምላው ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ መንገዱን ለመጥረግ ነው።

የወሎው የአበጋር የሽምግልና ሥርዓት ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ «እኛስ ለምን እንደዚያ አናደርግም?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ደግ ነው፤ ነገር ግን አበጋርነት አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የተከማቸ አመኔታ በመሆኑ እንደ ድንኳን ተውሰው የሚተክሉት ነገር አይደለም።

በጎንደር ሰፈሮች የተለያዩት ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከተማዋ መናገሻ ከሆነች ጀምሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ ብዙዎቹ ሰፈሮች የተጠሩት በነዋሪዎቻቸው ማንነት ነበር፤ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይናገራሉ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 ባስጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ የዛሬው አዲስ ዓለም ታሪክም ከዚሁ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ እስራኤሎችም እንደ ወለቃ ባሉ በየራሳቸው መንደሮች ይኖሩ ነበር።

ይሁን እንጂ ተለይቶ መስፈር ተለያይቶ መኖር አልነበረም። ከምጽዋና ከስናር ጋር የሚገናኘውን ንግድ የያዘው በአብዛኛው የጎንደር ሙስሊም ነበር፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጠውና እንስራውን የሚሠራው ቤተ እስራኤል ነበር፤ ሁሉም በገበያ ይገናኝ ነበር። አዋጅ የለያየውን ገበያና ጉርብትና ሲያገናኘው ኖሯል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም «ድሮ ፍቅር ብቻ ነበር» የሚለውም «ድሮም ጠላት ነበርን» የሚለውም ከታሪኩ ግማሹን ይዞ ግማሹን የጣለ ነው።

የዛሬው ሰው ሲናገር ግን በአእምሮው ያለው የ1668ቱ ጉባኤ ሳይሆን ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በአንድ ታዋቂ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰን የመቃብር ስፍራ የተነሣው ግጭት ከ20 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ ዳፋውም ርቆ ሄዶ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚህ ላይ በጭልጋና በአካባቢው ከቅማንት የማንነት ጥያቄ ጋር ተያይዞ በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. የተከሰተው ግጭት አለ፤ ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ ጎንደርም መጥተዋልና። እንግዲህ ውይይቱ የሚጀምረው ከአንድ ቁስል ብቻ አይደለም።

ውይይቱን ማን ይጥራ? እነማንስ ይጋበዙ?

ቀበሌው ቢያውቅ፣ ቢፈቅድና ጥበቃ ቢያደርግ ይጠቅማል፤ ጠሪ ከሆነ ግን ሰው የሚመጣው ወይ አበል ይኖራል ብሎ ወይ ስሜ እንዳይመዘገብ ብሎ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጠሪ ከእያንዳንዱ ሰፈር አንድ እድር ነው። እድር ሰው የሚያምነው በክፉ ቀኑ ስለደረሰለት ነው፤ ዳኛውና ጸሐፊው የእያንዳንዱን ቤት ኀዘን ያውቃሉ፤ ጥሪውም በጥሩምባ ነጋሪው አፍ ሲሄድ እንደ ጎረቤት ጥሪ ይሰማል።

ቄሱና ሼሁ መገኘታቸው የግድ ነው፤ እነርሱ ብቻ መገኘታቸው ግን ስሕተት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሴቶች ናቸው። በግጭት ሰሞን የጎረቤትን ልጆች ደብቀው ያሳደሩት፣ በማግስቱም ቡና መጠራራቱን ያቋረጡት ወይም ያላቋረጡት እነርሱ ስለሆኑ፣ የሰፈሩ ግንኙነት የት ላይ እንደተበጠሰ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከየወገኑ ቢያንስ ሲሶው ሴት ቢሆን፣ መጀመሪያም ለብቻቸው ቢቀመጡ መልካም ነው፤ አማት ባለችበት ምራት፣ ባል ባለበት ሚስት አፏን እንደማትፈታ የታወቀ ነው።

የት እና መቼ ይሁን? መስተንግዶውስ?

ይህ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ውይይቱን ገና ሳይጀመር ሊያፈርሰው ይችላል። ቦታው ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ቅጥር ውጭ፣ ከሁለቱም ሰፈር በእግር የሚደረስበት፣ ሲመሽም ሰው ሳይፈራ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ይሁን፤ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ለዚህ ይመቻል። ዓርብ የጁምዓ ነው፣ እሑድ የቅዳሴ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሰው ይደክማል። ከዚህ የሚተርፈው የሳምንቱ መካከል ከቀትር በኋላ ነው፤ ያንም ቢሆን የጸሎት ሰዓት እንዳይነካ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሥጋ አይቅረብ። በሠርግና በድግስ ለሙስሊሙ ለብቻው፣ ለክርስቲያኑ ለብቻው የማሳረድ የቆየ ጨዋነት አለን፤ በውይይት ቀን ግን ለሁለት የተከፈለ ማዕድ መለየትን ያስታውሳል፣ አንድ ዓይነት ሥጋ ደግሞ አንዱን ወገን ያስቀይማል። ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ሁሉንም ያስማማል፤ በጾም ቀንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይወራል?

ስለ ጥፋቱ አይወራም። የመጀመሪያው ቀን የመነጋገሪያ ደንብ የሚወጣበት ነው፦ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ፣ የሌላውን እምነትና ብሔር የሚነካ ቃል እንዳይነገር፣ ድምፅም ምስልም እንዳይቀረጽ፣ የተባለው ነገር ከስም ጋር ወደ ውጭ እንዳይወጣ። ስልኮች በራፉ ላይ በአንድ ቅርጫት ቢቀመጡ ነውር የለውም።

ከደንቡ በኋላ የሚመረጠው ርእስ ትንሽና የሚታይ ቢሆን ይመረጣል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበት መንገድ፣ ሲመሽ የሚያስፈራው ጨለማ መታጠፊያ፣ ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን ቦኖ ላይ የሚነሣው የወረፋ ጠብ፣ ደንበኛ የራቀው ሱቅ፤ እነዚህ ሁለቱንም ወገን የሚያንገበግቡ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥም መልስ ሊያገኙ የሚችሉ ናቸው። አንድ ትንሽ ነገር አብረው ፈጽመው ያዩ ሰዎች ስለ ትልቁ ለመናገር አንደበታቸው ይፈታል። «ዋናውን ትቶ ስለ መብራት ማውራት መሸሽ ነው» የሚሉ አሉ፤ መሸሽ የሚሆነው ግን እዚያው ላይ ሲቆም ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሰዎች ከሚገምቱት በላይ። አወያዮቹ ከእያንዳንዱ ወገን ጋር ለየብቻ የሚቀመጡበት ጊዜ ብቻ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል፤ ከሥራውም የሚበዛው ይኸው ማንም የማያየው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ የሚደረግ የጋራ መቀመጥ ቢያንስ አንድ ዓመት መዝለቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ጥምቀትም፣ ዒድም፣ የሙት ዓመትም ሁሉ አንድ ጊዜ ሊያልፉበት ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት በሬ ታርዶ፣ ካሜራ ተጠርቶ የሚደረግ የእርቅ በዓል፣ በእኔ አስተያየት፣ ምንም ካለማድረግ የከፋ ነው፤ ያልታረቀው ሰው «ታርቀሃል» ተብሎ በአደባባይ ስለተነገረበት ዳግመኛ ቅሬታውን የሚያሰማበት ቦታ ያጣል።

ወጣቶቹ አይመጡም፤ ሽማግሌዎች ብቻ ቢስማሙ ምን ዋጋ አለው?

ቅሬታው ትክክል ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበርክከው ጥፋት ማስቆማቸውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ወጣቶቹ የቆሙት ግን የሣሩን ትርጉም ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት ነው። ጎንደር ላይ ያለው የሃያ ዓመት ወጣት ሽማግሌውን ያከብራል፤ ወሬውን የሚሰማው ግን ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቹን ወደ ሽማግሌዎቹ ጉባኤ ከመጎተት ይልቅ የራሳቸውን ሥራ መስጠት ያዋጣል። ከየሰፈሩ አራት አምስት ወጣቶች ወሬ የማጣራት ኀላፊነት ቢይዙ፣ «እገሌ መስጊድ ተነካ»፣ «እገሌ ቤተ ክርስቲያን ተከበበ» የሚል መልእክት ሲመጣ ከማጋራታቸው በፊት ወደ ወዲያኛው ሰፈር ወጣት ይደውላሉ፤ ያም ወጥቶ አይቶ ይመልሳል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ለዒድም የሶላት ሜዳው ሲዘጋጅ አብሮ ማጽዳትና ሰው ማስተናገድ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ፎቶ ተነሥቶ በማግስቱ ስልክ የማይደዋወል ወጣት ከዚህ ሥራ እንዳልተቆጠረ ይታወቅ።

ጠቡ የመሬት ወይም የመቃብር ድንበር ከሆነስ?

እንግዲያው ድንበሩ በውይይት አይወሰንም። የቦታ ይዞታ በሰነድ፣ በልኬታና በምስክር የሚረጋገጥ በመሆኑ ውሳኔው የሚመለከተው የመሬት አስተዳደርን፣ ክርክር ከተነሣም ፍርድ ቤትን ነው። ተወያዮቹ «ይህ የእኛ ነው» በሚለው ላይ ድምፅ መስጠት ቢጀምሩ፣ የበዛው ያሸንፋል፤ ያነሰውም ዳግመኛ አይመጣም።

ውይይቱ የሚችለው ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጊዜ ማስተዳደር ነው፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። በአጨቃጫቂው ቦታ ላይ ድንጋይ እንዳይነሣ፣ አጥር እንዳይተከል፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ መስማማት ይቻላል፤ ቀብር ሲኖር በየት በኩል እንደሚገባ፣ ለወዲያኛው ወገን ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ በዚያ ሰዓት የድምፅ ማጉያ እንዴት እንደሚሆን መስማማት ይቻላል። ቀብር ቀጠሮ አይሰጥም፤ በተለይ በእስልምና ቶሎ መቅበር የሚመከር ስለሆነ፣ ስምምነቱ ሰው ሳይሞት በፊት የተጻፈ መሆን ይኖርበታል።

ወንጀል የሠሩ ሰዎች ሳይጠየቁ እርቅ ማውረድ ፍትሕን መቅበር አይሆንም?

ይሆናል፣ እርቁ በክሱ ምትክ ከቀረበ። በሕጋችን በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች በእርቅ ሊቋረጡ ይችላሉ፤ ነፍስ ማጥፋትና ቤት ማቃጠል ግን የሟች ቤተሰብ ወይም ባለንብረቱ ይቅር ቢልም የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ሆነው ይቀጥላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቅን ጸጸትንና የበደሉትን ለመካስ መጣርን ከቅጣት ማቅለያዎች መካከል ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ እርቅ በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም አይባልም፣ ክሱን ግን አያስቀርም።

በተግባር የሚታየው ችግር ሌላ ነው። ሰፈሩ «ልጃችንን አሳልፈን አንሰጥም» ብሎ ምስክር ይደብቃል፤ ወዲያኛው ሰፈርም ከግለሰቡ ይልቅ ሰፈሩን ይከሳል። አወያዩ ደጋግሞ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ የአንድ ሰው ጥፋት የአንድ ሰው ሆኖ እንዲቀር ይህ ሰፈር ምን ለማድረግ ፈቃደኛ ነው? መልሱ ቶሎ አይመጣም። ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ከአንዲት እናት አፍ ይወጣል።

ገዳዩ ካልታወቀ ካሳውን ማን ይክፈል?

በባሕሉ የደም ካሳ የሚከፍለው ገዳዩ ከነወገኑ ነው። ገዳዩ ሳይታወቅ ሰፈሩን ካሳ ክፈል ማለት ሰፈሩን ገዳይ ነህ ማለት ስለሚሆን፣ ብዙዎች ገንዘቡን ሳይሆን ትርጉሙን ፈርተው እምቢ ይላሉ። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ስሙን መለየት ነው፤ የደም ካሳ ሳይባል መቋቋሚያ ይባል፣ ሁለቱም ሰፈሮች ያዋጡት፣ ከሁለቱም ወገን ለተጎዱት ይድረስ። የወላጅ አልባ ልጆች የትምህርት ወጪ፣ የተቃጠለ ሱቅ መልሶ ማቆሚያ፣ የፈረሰ አጥር በሁለቱም ሰፈር ጉልበት መገንባት ሰው ሲቀበላቸው የምናያቸው ዓይነቶች ናቸው። የመንግሥት ካሳ የሚጠየቅ ከሆነ ጥያቄው በአንድ ማመልከቻ፣ በሁለቱም ሰፈር ፊርማ ቢቀርብ ክብደት ይኖረዋል።

ልጄን አጥቻለሁ፤ ይቅር የማለት ግዴታ አለብኝ?

የለብዎትም። ማንም፣ ቄስም ይሁን ሼህ ወይም የእድር ዳኛ፣ ይቅርታን ከእርስዎ የመጠየቅ እንጂ የማስገደድ መብት የለውም። ወደ ውይይቱ መጥተው ምንም ሳይናገሩ መቀመጥ ይችላሉ፤ ተናግረው «ይቅር አላልኩም» ማለትም ይችላሉ። ለአወያዮች የምንመክረው የሟች ቤተሰብን በትልቁ ጉባኤ መካከል ድንገት እንዳያስነሱ፣ አስቀድመው ቤታቸው ሄደው እንዲያለቅሱ፣ ሊናገሩ ከፈቀዱም መቼና እነማን ባሉበት እንደሆነ እነርሱ እንዲመርጡ ነው።

የጸጥታው ሁኔታ በታወከበት ወቅት መሰብሰብ ይቻላል?

በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በርካታ ሰው መሰብሰብ ራሱ አስጊ ሆኖ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቁን ጉባኤ ማቋረጥ ተገቢ ነው፤ ግንኙነቱን ማቋረጥ ግን አይደለም። ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ ለቅሶ መድረስ፣ በስልክ መጠያየቅ፣ ከገበያ ሲመለሱ ደጅ ላይ ቆም ብሎ ሰላምታ መለዋወጥ ፈቃድ አይጠይቅም። ጥንቃቄ የሚያሻው የስም ዝርዝር ነው፤ የተወያዮች ስምና የተናገሩት ነገር አብሮ የሰፈረበት ወረቀት በየትኛውም ታጣቂ እጅ እንዳይገባ፣ በእንዲህ ያለ ወቅት ባይጻፍ ይሻላል።

ከአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ጋር ምን ግንኙነት አለው?

በቀጥታ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመውና 11 ኮሚሽነሮች ያሉት የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን የተነሣው በመሠረታዊ አገራዊ ጉዳዮች ላይ ያለውን ልዩነት ለማመካከር ነው፤ የሁለት ሰፈር የመቃብር መንገድ የእርሱ አጀንዳ አይደለም። የሰፈር ተወያዮች ለኮሚሽኑ አጀንዳ ማቅረብ ቢፈልጉ ያቅርቡ፤ የሰፈሩን ጉዳይ ግን አገራዊው እስኪያልቅ ብለው አያቆዩት።

ስምምነቱ ቢፈርስስ?

አንድ ጊዜ መፍረሱ አይቀርም ብሎ መነሣት ይሻላል። ስምምነት የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፤ ሁለት ጎረምሶች ኳስ ሜዳ ላይ ይጣላሉ፣ ከሌላ ከተማ ክፉ ወሬ ይመጣል፣ የሰከረ ሰው ድንጋይ ይወረውራል። የመጀመሪያው ሰዓት ወሳኝ በመሆኑ፣ ከየሰፈሩ ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሱ አምስት አምስት ሰዎች አስቀድመው ይሰየሙ፤ እነርሱም የተጣሉበት ቦታ ላይ አብረው ይገኙ እንጂ እያንዳንዱ ወደ ወገኑ አይሩጥ።

ከዚያ በኋላ የሚቀመጠው ጉባኤ ከዜሮ አይጀምር። ቃለ ጉባኤው ይውጣ፣ የፈረሰው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይነበብ፣ ያ አንቀጽ ብቻ ይታይ፤ የቀረው እንደጸና ይቀጥል። ለዚህም ሲባል ቃለ ጉባኤው በሁለት ቅጂ ተጽፎ ከሁለቱም ወገን ይፈረምበት፤ አንዱ ቅጂ በአንደኛው ሰፈር እድር፣ ሌላው በሌላኛው ሰፈር እድር ሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉንም ገንዘብ ያዡ ይያዝ።